ላም በሚታለብበት ሰዓት የተላከ ሽማግሌ

በመጀመሪያ የነበርነውን ልቁጠር። ጋሼ ነበሩ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ደንበኛ ሲገባ ከወንበራቸው የማይነሱ። እትዬ ነበሩ፤ የጋሼ ባለቤት፣ ያንን ምግብ ቤት በእርግጥ የሚያስተዳድሩት። ጓደኛዬ ነበረ፤ ድሮ ከእኔ ጋር ከምግብ ቤቱ ጀርባ መኪና ያቆም የነበረ፣ አሁን ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ የሚኖር። አብራው የምትኖረው ፈረንሳዊት ነበረች። የሁለቱ ልጅ ነበረች፤ ሦስት ዓመቷ ነው። የፈረንሳዊቷ አባት ነበረ፤ አርባ ሁለት ላም የሚያልብ ገበሬ። አንድ ውሻ ነበረ። እኔም ነበርኩ።

ከዚህ ውጪ ማንም አልነበረም። ይህን የምጽፈው ፌርፋክስ ላይ «እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ» የሚለው ሰው በየሳምንቱ እየበዛ ስለሄደ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከቫን ናይስ የሚመጣ አንድ ደንበኛ የመኪናውን ቁልፍ እየሰጠኝ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከልኝ። ውሻው ጥቁር ነበር አለ። ውሻው ቡናማ ነው፤ ነጭ የሆነው ግራ ጆሮው ብቻ ነው።

ጋሼ ፓሪስን ማየት አለብኝ ካሉ ዓመታት አልፈዋል። ይዘውኝ የሄዱት ስለወደዱኝ አይደለም፤ ፈረንሳይኛ ስለምችል ነው። ፈረንሳይኛውን ማንም አላስተማረኝም። መኪና በማይበዛባቸው ሰዓታት በፓርኪንጉ ትንሽ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍና ከስልኬ ነው የለቀምኩት። አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፓሪስ ሦስት ቀን ቆየን። ጋሼ በሦስተኛው ቀን ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ቆንጆ ነው፣ ኦኬ፤ ግን ፓርክ የሚደረግበት የለም» አሉ። ከዚያ መኪና ተከራየንና አምስት ሰዓት ድራይቭ አድርጌ ጓደኛዬ ዘንድ አደረስኳቸው።

ይህ ጓደኛዬ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ፎቶ ይልክልኝ ነበር። ጉም የለበሰ ሜዳ፣ ጭቃ የነካው ቦት ጫማ፣ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ረጅም ዳቦ። ከሥሩም «እውነተኛ ሕይወት እዚህ ነው» ብሎ ይጽፋል። እኔ የመኪና ጭስ እየሳብኩ እውነተኛ ሕይወቱን አይ ነበር። ሄጄ ስቆጥረው መንደሩ አሥራ አንድ ቤት ነው። የስድስቱ መስኮት ተዘግቷል፤ ባለቤቶቹ የሚመጡት በበጋ ብቻ ነው። ዳቦው የሚገዛው መንገድ ዳር ከቆመ ማሽን ነው፤ ሳንቲም ትከታለህ፣ ዳቦው ይወድቅልሃል። እሱ ራሱ በየቀኑ አርባ ደቂቃ እየነዳ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ከፓርኪንጉ ወጥቶ ሎንግ ቢች እያለም መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። ውቅያኖስ የተሻገረው ለጉሙ ብቻ መሆኑ ነው።

ጋሼ የቤቱን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩት። ግድግዳው ዕድሜ የጠገበ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ዓይነት።

«ምነው ልጄ፣ ልስን ጠፋ?» አሉት ጓደኛዬን።

«ጋሼ፣ እንዲህ ነው የሚፈለገው።»

«ማነው የሚፈልገው?»

ጓደኛዬ ሻንጣቸውን አንስቶ ወደ ቤት ገባ።

በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፈረንሳዊቷ ልጇን ይዛ ገበያ እንደወጣች፣ ጓደኛዬ ሦስታችንን ከፖም ዛፉ ሥር ሰበሰበን። ቀድሞ ያሰበበት መሆኑ ያስታውቃል፤ ወንበሮቹን አዘጋጅቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር» አለ። «እማዬ ቪዛ ወጥቶላታል። ግን አልመጣም ብላለች። ‹ሽማግሌ ልኮ ካልጠየቃት ሴት ቤት እግሬን አላነሳም› አለች። ልጄን እስከዛሬ የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው። እዚህ ዘመድ የለኝም። እናንተ ከአባቷ ዘንድ ብትሄዱልኝና በቪዲዮ ብታይ፣ ትመጣለች።»

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ፣ የጃኬታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ወደ ሜዳው አሻግረው አዩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስክንመለስ ድረስ በሌላ ድምፅ ነው የተናገሩት፤ ዝግ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ።

«ሽማግሌ ሦስት ነው» አሉ። «እኔ አንድ። ይህ ልጅ ዕድሜው ባይደርስም ለቋንቋው ይገባል፤ ሁለት። ሦስተኛ የለንም።»

«እኔ ነኝ ሦስተኛው» አሉ እትዬ።

«ሴት ለሽምግልና ትሄዳለች እንዴ?»

«ሶ ሂድና ከመንደሩ ፈልግ። ያ ትራክተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ቢዚ አይመስልም።»

ጋሼ ትራክተሩን አዩት። ከዚያ «ኦኬ፣ አንቺ ቪዲዮውን ትቀጃለሽ» ብለው ነገሩ የራሳቸው ሐሳብ እንዲመስል አደረጉት።

እኔ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «እሷ ታውቃለች?»

«ሰርፕራይዝ ነው።»

«የሦስት ዓመት ልጅ ያላትን ሴት ነው ሰርፕራይዝ የምታደርገው?»

«አንተ ደግሞ ነገር ታከራለህ። ላሞቹን ሊያዩ ነው የሚሄዱት ብያታለሁ። በኋላ ስትሰማ ትስቃለች።»

«ላሞቹ የሚታለቡት ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋትና ማታ።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት?»

አላወቀም። ከአርባ ሁለቱ ላሞች ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አራት ዓመት ኖሯል፤ የላሞቹን ፎቶ በየወሩ ይልክልኛል፤ የሚታለቡበትን ሰዓት አያውቅም። ጋሼም «ሽማግሌ የሚሄደው በማለዳ ነው፣ አለቀ» ብለው ጥያቄዬን ዘጉት። ሙሽራው አብሮ አይሄድም፤ ወጉ አይፈቅድም።

በማግስቱ እሑድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሦስታችን ከገበሬው የብረት በር ፊት ቆመናል። የመስከረም መጨረሻ ነው፤ ሣሩ ላይ ጤዛው ነጭ ሆኗል፤ ትንፋሻችን ይታያል። ጋሼ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ላዩ ላይ ነጠላ አጣፍተዋል። እትዬ ከፓሪስ የገዙት ካፖርት ሥር የአገር ልብስ ለብሰዋል። እኔ ምግብ ቤቱ ሠርግ ሲያስተናግድ የምለብሰውን ጥቁር ልብስ ለብሻለሁ። የሦስታችንም ጫማ በላም እበት ተነክሯል።

በሩ ላይ ደወል አለ። እጄን ስዘረጋ ጋሼ ያዙኝ።

«አይደወልም! ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የቤቱ ሰው ራሱ አይቶ ‹ምን ጉዳይ ነው› ብሎ ይወጣል።»

«እዚህ አገር ካልደወልን አይወጣም።»

«አንተ ቋንቋውን ያዝ። ወጉን ለእኔ ተው።»

ቆምን። ከበረቱ የማለቢያው ማሽን ድምፅ ይሰማል። ውሻው መጥቶ ከበሩ ማዶ ቁጭ አለና ያየን ጀመር፤ እሱ እንኳ አልጮኸም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገበሬው ባልዲ ይዞ ብቅ አለ፤ አየን፤ ተመልሶ ገባ። «አየን» አሉ ጋሼ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን ወዲያ አወናጨፈብን። «ሰላም ይለናል» አሉ ጋሼ። እኔ ሰላምታ እንደዚያ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ወጉን ግን እንድተው ተነግሮኛልና ተውኩ።

«ጉልበቴ አለቀ» አሉ እትዬ። «ይሄ ሽምግልና ነው ወይስ ባስ መጠበቅ?»

«ዝም በይ፣ ግርማ ይኑርሽ።»

«ግርማዬ በረዶ ሆኗል።»

በእኔ ሰዓት አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመናል። በመጨረሻ ማሽኑ ጠፋና ገበሬው በፕላስቲክ ቦቲው ጭቃውን እየረገጠ መጣ። በሩን አልከፈተውም። በብረቱ መሃል የሆነ ነገር ተናግሮ ሊመለስ ዞረ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

«‹አመሰግናለሁ፣ ክርስትና ተነስቻለሁ፣ ወረቀት አልቀበልም፣ ሥራ ላይ ነኝ› አለ።»

«የምን ወረቀት?»

«በየቤቱ እየዞረ የሚሰብክ ሰው መስለነዋል።»

እትዬ ብረቱን ይዘው ሳቁ፤ በሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔ ቶሎ ብዬ በፈረንሳይኛ «የልጅህ እንግዶች ነን» አልኩት። በሩን በረገደና ክንዴን ጨበጠኝ፤ «ልጄ ምን ሆነች? ትንሿ ናት?» አለ።

ይህን ጋሼ ማወቅ ነበረባቸው። በእኛስ አገር ቢሆን ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን አጣው? መርዶ ነው። ላለመደወል የተከራከሩበትን ወግ ያውቁታል፤ መርዶ የሚነገርበትን ሰዓት ዘንግተውታል። ለሰውየው ማንም ምንም እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኩት። ሲያምነኝ ክንዴን ለቀቀኝ።

ወጥ ቤቱ አስገባን። ጠረጴዛው የላስቲክ ጨርቅ ለብሷል፤ ወተት ወተት ይሸታል። ወንበር ሳበልን። ጋሼ አልተቀመጡም።

«‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም› በለው።»

አልኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት እኛን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፤ እንግዳ ቆሞ እሱ መቀመጥ ስለከበደው እሱም ቆመ። አራት ሰው አራት ወንበር ከብቦ ቆመ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሳይቀመጥ የቆየው እሱ ብቻ ነበር። ከፖም የሚጠመቅ መጠጥ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ብርጭቆ ደረደረ፤ ጋሼ በመዳፋቸው ከለከሉት። ጠርሙሱን መለሰው።

እትዬ ስልኩን አነሱ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ልጅ ልንሰጥህ፣ ልጅ ልትሰጠን መጥተናል አሉ። ወደ አባቶቻቸው ተሻገሩ፤ ከአባቶቻቸው ወደ አገሩ ስፋት፣ ከአገሩ ስፋት ወደ ምግብ ቤታቸው የመቀመጫ ብዛት መጡ። የሚጠየቅላቸው ራሳቸው ይመስል ስለ ጓደኛዬ የተናገሩት «ጨዋ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ሁሉንም፣ መቀመጫዎቹንም ጭምር ተረጎምኩ።

ገበሬው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ለማን ነው የሚጠይቁት?» አለ።

«ለጓደኛዬ። አብራው ለምትኖረው።»

«ልጅ አላቸው እኮ።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

«‹ልጅ አላቸው እኮ› አለ።»

«እሱን እናውቃለን በለው። የመጣነው ለክብር ነው በለው።»

አልኩት። ሰውየው ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ፤ ብዙ አሰበ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሲያስብ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው፦ «የምሰጠው ነገር የለኝም፤ እሷ የእኔ ዕቃ አይደለችም። አሜሪካ ስትሄድ አልጠየቀችኝም። እሱን ይዛ ስትመለስም አልጠየቀችኝም። እኔ አሁን ‹እሺ› ብል መጥታ የወተት በርሜል ውስጥ ትነክረኛለች። እሷን ጠይቋት።»

ተረጎምኩ። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «በርሜሉን ተወው። ‹ደስ ብሎኛል› ብሏል በል። ቪዲዮው እየቀዳ ነው» አሉኝ።

«አላለም።»

«ፊቱ ብሏል።»

«ፊቱን አልተረጉምም።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ፤ ጥጆች የሚጠብቁት ይመስለኛል። ሳንቀመጥ፣ ሳንቀምስ ወጣን። ጋሼ በመኪና ውስጥ ሦስቱን ኪሎ ሜትር ሙሉ ነጭ ሰው ወግ እንደሌለው አስረዱን።

ስንደርስ ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማለች። አባቷ ደውሎላታል። ሎስ አንጀለስ የተማረች ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከሁላችንም ይሻላል። ለጋሼ በእንግሊዝኛ «ላሞቹ እንዴት ናቸው?» አለቻቸው። ጋሼ «ጉድ፣ ጉድ» አሉ። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞራ በፈረንሳይኛ የተናገረችውን ማንም ተርጉም አላለኝም፤ አልተረጎምኩም። እሑድ ስለሆነ አባቷ ምሳ ይመጣል፤ ወደ ወጥ ቤቷ ገባች።

ጋሼ የሆነውን ነግረውት ኖሮ ጓደኛዬ ጓሮ ወስዶ ተቆጣኝ።

«አንዲት ቃል! አንዲት ‹እሺ› ብትል ምን ትሆን ነበር? እናቴን እኮ ነው ያስቀረህብኝ!»

«እናትህ ውሸት ሰምተው ይምጡ?»

«ይምጡ! ሰምተውም ሳይሰሙም ይምጡ! ልጄን ይዩዋት!»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይህን ሲል የጉሙን ፎቶ የሚልክልኝን ሰው አልመሰለኝም። እትዬ ከኋላችን መጥተው «ለእናትህ ላክሁት እኮ» አሉ።

«ምኑን?»

«ቪዲዮውን። ሁሉንም። እኔ መቁረጥ የት እችላለሁ?»

ጓደኛዬ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

ምሳ ላይ ገበሬው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በእጁ ቋሊማ ይዞ መጣ። ጋሼ «ጠይቀው፣ አሳማ አለበት?» አሉኝ። አሳማ ብቻ ነው። ጋሼ ሳህኑን በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ ገፉት። ሴትየዋ ጓደኛዬን ቀና ብላ ሳታይ ለሁሉም ሾርባ ቀዳች። ያን ጊዜ የጓደኛዬ ስልክ ጠራ። እናቱ ናቸው፣ በቪዲዮ፣ ከአዲስ አበባ። ሁላችንም እንድናያቸው ከዳቦው ቅርጫት ጋር አስደግፎ አቆመው።

«አየሁት» አሉ እናቱ። «ሦስት ጊዜ አየሁት።»

ጋሼ ቀድመው ገቡ። «እንግዲህ ይቅርታ ነው፣ ቋንቋው ነው፣ አስተርጓሚው ደግሞ ልጅ ነው…»

«ምን አጠፋ? ጥሩ አድርጎ ነው የነገረኝ። ሰውየውም ደህና አባት ነው። ሽማግሌ በመጣበት ቀን ልጁን አንስቶ የሚሰጥ አባት ልጁን ንቋታል። እዚህ እንኳ ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ጠፋ፤ ገና በር ሳይንኳኳ ‹እሺ› ነው። ይሄኛው መለሳችሁ። ተከብራለች። ሁለተኛ ትሄዳላችሁ፣ ‹እሺ› ሲል እመጣለሁ።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ ጋሼ።

አላሉም። ያሉትን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ለአባትየውና ለሴትየዋ ተረጎምኩላቸው። አባትየው በመገረም «እኔ ምን አደረግኩ?» አለ። ሴትየዋ ጭልፋውን አስቀምጣ ተነሳችና ወጥ ቤት ገባች። እትዬ ሰሐን የሚያነሱ መስለው ተከተሏት። በሩ ተዘጋ። ጓደኛዬ ሊነሳ ሲል ጋሼ ጉልበቱን ተጫኑት። ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። እናትየው ስልኩን አልዘጉትም፤ ትንሿ ልጅ ዳቦ ቆርሳ «ብዪ» እያለች በአማርኛ መስታወቱ ላይ ትለጥፍላቸዋለች። የምታውቃት የአማርኛ ቃል እሷ ብቻ ነች።

ሁለቱ ሴቶች ተከታትለው ወጡ። እትዬ ተቀመጡ። እሷ ወንበሯን ይዛ ቆመች።

«ቁጭ በይ እንጂ» አላት ጓደኛዬ።

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ጋሼን እያየች።

ከዚያ ወደ ስልኩ ዞራ በፈረንሳይኛ ተናገረች፣ ቀስ ብላ፣ እንድተረጉም እያቆመችልኝ። «አባቴን ጠየቃችሁ፤ መለሰ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እንቢ አላልኩም። ግን ለተላከ ሰው መልስ አልሰጥም። ቤተሰቤ ሁኚ ብላ የምትፈልገኝ ሴት ራሷ ትምጣ፤ በሬ ላይ ትቁምና ትጠይቀኝ። እሷ ከመጣች፣ ሌላ ቀን ተመለሽ አልላትም።»

ጓደኛዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። «ለስለስ አድርገው» አለ፣ በጥርሱ መሃል። «‹ትቁም› የሚለውን አታስገባው። በእግዚአብሔር።»

መቆሙንም አስገባሁት። ያለ መቆሙ ሌላ ነገር ነው።

እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ጎን ያያሉ። ጋሼ ሹካቸውን አስቀመጡ። አባትየው ማኘክ አቆመ። ጓደኛዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ቆሜ?» አሉ እናትየው።

«ቆመው» አልኩ።

«ደጇ ላይ?»

«ደጇ ላይ።»

«በጠዋት?»

ጠየቅኳት። እሷ አባቷን አየችው። አባቷ በጣም በቁም ነገር አሰበበትና መለሰ።

«ከታለበ በኋላ» ብዬ ተረጎምኩ።

እናትየውም ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ፣ «እዚያ ይበርዳል እንዴ ልጄ? ምን ዓይነት ካፖርት ይያዛል?» አሉ።

ሴትየዋ ተቀመጠች።

እናትየው በኅዳር ሄደዋል። ጓደኛዬ አንድ ፎቶ ልኮልኛል። በወፍራም ካፖርት ላይ ነጠላ ያጣፉ አጭር ሴት ከዚያ ልስን ካጣ ድንጋይ ቤት ፊት ቆመዋል፤ በሩ ገና አልተከፈተም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፎቶው ሥር ምንም አልጻፈም።

ፌርፋክስ ላይ ግን የሚወራው ሌላ ነው። ጋሼ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወሩት ሃያ ደቂቃ ቆሜ ልጅቷን አስፈቀድኩ ይላሉ። አባትየው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ይላሉ። ጠርሙስ ተከፈተ ይላሉ። አስተርጓሚው በታሪካቸው ውስጥ የለም፤ እትዬም የሉበትም፤ ሁሉም በአማርኛ ነው የሚግባባው።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁን እጠይቃለሁ፤ የጎደለውን ጨምሩበት። ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃውን በየትኛው ሰዓት እንደለኩት ይንገሩኝ፤ የእኔ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነው ያለው፤ የእርስዎ የቆመ ከሆነ እጽፈዋለሁ። ጓደኛዬ፣ ላሞቹ ስንት ሰዓት እንደሚታለቡ አሁን ካወቅህ ላክልኝ፤ ፎቶ አያስፈልግም፣ ሰዓቱ ብቻ ይበቃል። እትዬ፣ እርስዎን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ወጥ ቤት በር ጀርባ ሃያ አምስት ደቂቃ ምን ተባባላችሁ? ‹ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም› የሚለውን ከየት አመጣችው? በዕለት ዕለት ወሬ መሃል ሦስት ጊዜ ጠይቄዎት ሦስት ጊዜ ሽንኩርቱን ላጥልኝ ብለውኛል። ሽንኩርቱን ልጫለሁ። አሁን ይንገሩኝ።